የወተት ማኅበሩ ቋሚዎች

«አንጓች፣ ለመሆኑ አንቺ የማኅበሩ ሠራተኛ ነሽ ወይስ እንግዳ?» ብለው ከማኅበሩ አባላት አንዱ አያ ይሁኔ በጠየቋት ጊዜ አንጓች «እኔስ መቼ ዐወቅሁት!» ብላ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ዛሬ በሰፈራችን ሰው ሥራ የሌለበት ሹመት ባየ ቁጥር ጣል የሚያደርጋት ተረት የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

አንጓች የወተት አምራቾች ማኅበሩ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ስለሆነ ምኞቷ አንድ ነበር፤ ቋሚ መሆን። ማኅበሩ ግን ውሏ ባለቀ ቁጥር «ትንሽ እረፊ» ብሎ ወደ ቤቷ ይሰዳታል፤ ስትመለስ እንደ አዲስ ያስፈርማታል። እንዲህ እየተቆራረጠባት ዘመኗን ሙሉ ስታጥብ ኖራ ሁልጊዜም አዲስ ገቢ ነበረች።

አንድ ቀን ቋሚ ቦታ ተከፈተ ሲባል ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ አቶ ፈንታሁን ሮጠች።

«ዘገየሽ እኮ እቴ! ሞልቷል» አሏት።

«ማስታወቂያውን የት ለጠፋችሁት ጌታዬ?»

«በሩ ላይ ነበረ። ዝናብ ወሰደው።»

«በጥር?»

«እንግዲያ ነፋስ ይሆናል» አሉ ሳያፍሩ።

ቦታውን ያገኙት የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ፣ የጸሐፊው አማችና የገንዘብ ያዡ ሚዜ ነበሩ። አንዱ የወተት ተቆጣጣሪ፣ ሌላው የተቆጣጣሪው ረዳት ተባለ። ሚዜው ደግሞ ሥራው እስኪታወቅ ድረስ ቋሚ ሆነ።

ሕማማት ሲገባ የአንጓች ውል አለቀና እንደ ልማዱ «እረፊ» ተባለች።

«ሆቴሎቹ ለፋሲካ ወተት አዘው የለም እንዴ? ዕቃውን ማን ያጥባል?» አለች ተጨንቃ።

«ቋሚዎች አሉን» አሉ አቶ ፈንታሁን።

ቅዳሜ ጠዋት አባላቱ ወተታቸውን ተሸክመው መጡ። ቋሚዎቹ ያደፈውን ዕቃ ከበው ቆሙ።

«እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እጄን ውኃ ውስጥ አልከትም» አለ የእህት ልጅ።

«እኔ ረዳት ነኝ። እሱ ሳይጀምር ምኑን ልርዳው?» አለ አማቹ።

የሚዜው ሥራ ገና አልታወቀም ነበር። ወተቱ ባደፈው ዕቃ ተገለበጠና ሆቴል ሳይደርስ ረግቶ ሸተተ። የበዓሉ ወተት ሁሉ ቦይ ውስጥ ተደፋ።

ከፋሲካ በኋላ አባላቱ ተሰበሰቡ። አያ ይሁኔ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወተታችንን ያበላሸው ማን ነው?»

«ችግሩ የሰው እጥረት ነው» አሉ አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «ወተቱ ለምን እንደረጋ የሚያጣራ አንድ ቋሚ ሠራተኛ እንቀጥራለን።» የሚቀጠረው የሚስታቸው ወንድም አዲስ ኮት ለብሶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ወጣ። አባላቱ ከገበያው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይተው ወተታቸውን ራሳቸው ይሸጡ ጀመር፤ ከሁሉ አስቀድመውም አንጓችን ከቤቷ ጠርተው፣ «እረፊ» የማይባልበት ውል አስፈረሟት።

አሮጌው ማኅበር ውስጥ የቀሩት፣ የሊቀ መንበሩ የሚስት ወንድም ተጨምሮባቸው፣ አራቱ ቋሚዎች ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያየ አንድ መንገደኛ «እነዚህ ምን ይጠብቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ አያ ይሁኔ እንዲህ አሉት፦ «ላሟ የለቀቀችው በረት፣ ዘበኛው ቋሚ ነው።»