ያልደረቁት የእንኮይማ ታንኳዎች

«የሰማዩን ጠባይ ሳያውቅ የማለ፣ ምላሱን አስያዘ።» የታንኳ ሠሪው የአንማው አባት በሕይወት ሳሉ ይህን ደጋግመው ይሉ ነበር ይባላል። እሳቸው ከተቀበሩ ስንትና ስንት ዘመን አልፏል፤ አባባላቸው ግን በእንኮይማ ደሴት እስከ ዛሬ አልተቀበረም።

እንኮይማ በጣና ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በሚያዝያ ወር የደረሰባት ሰው፣ በወደቡ ዳር ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ የሾላውን ዛፍ ተደግፈው በቁማቸው ተሰልፈው ያያል። ሊደርቁ ነው እንዳይል፣ ቀትር ሲሆን የየቤቱ ሰው ውሃ በቅል ይዞ ይወጣና ሰው ሁሉ እያየው ያፈስባቸዋል። ሞተር ጀልባ የገዙት እንኳ ሳይቀሩ በብረቱ ላይ ያፈሳሉ። እንግዳ ቢስቅባቸው አይከፋቸውም፤ ምክንያቱን ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ይነግሩታል።

በድሮ ጊዜ፣ ዘመኑን እግዚአብሔር ይወቀው፣ በባሕሩ ማዶ ባላምባራስ ደምለው የሚባል ሰው ተሾመ። የደጋ ሰው ነበር። ደሴቲቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት በጥር ነውና፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ሎሚው የተንዠረገገ፣ ሐይቁም ጸጥ ያለ ሆኖ ስላገኘው ልቡ እዚያው ቀረ። በመጋቢት መጨረሻ ወታደር አስከትሎ መጣና ሰውን ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦ፣ «ይቺ ለኔ ማረፊያ ትሆናለች። እናንተ ዛሬውኑ ወደ ማዶው ረግረግ ተሻገሩ» አላቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። የአባቶቻቸው አጥንት እዚያ ነው፤ ከሎሚውና ከጌሾው ሌላ መተዳደሪያም አያውቁም።

አንማው ፊደል ያልቆጠረ፣ ጸሎቱን ግን የማያስታጉል ሰው ነበር። በልቡ «አቤቱ አንተ ታውቃለህ» እያለ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ በምን እንሻገር?»

«በታንኳችሁ ነዋ! ልትዋኙ አሰባችሁ?»

«ታንኳዎቹ ገና ትናንት ነው ከውሃ የወጡት። ውሃ የጠጣ ደንገል ሕፃንና ዕቃ ከተጫነበት መሐል ሐይቅ ላይ ይሰጥማል። ሳይደርቅ አይታመንም።»

ባላምባራሱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከት ብሎ ሳቀ። «በዚህ ፀሐይ? እንኳን ደንገል ድንጋይም ይደርቃል! ታንኳዎቻችሁ ሁሉ እስኪደርቁ ታግሻችኋለሁ።»

አንማው የአባቱ ቃል ትዝ አለው። «በመስቀል ይማሉልን» አለ።

የደሴቲቱ ቄስ መምሬ ገላዬ መስቀሉን ዘረጉ። ባላምባራሱም ተሳልሞ፣ «ታንኳዎቹ ሁሉ ሳይደርቁ አንዲት ነፍስ ባስወጣ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። ታንኳ የሚነካ እንዳይኖር የሚጠብቅ፣ ሁሉም ሲደርቁ ቀንደ መለከት የሚነፋ አንድ ወታደር ትቶ ተመለሰ። ወታደሩ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ስሙን እንኳ ማንም ያልጠየቀው እንግዳ ነበር።

እንግዲህ በእንኮይማ በልጉ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ሐይቁ እንደ ዘይት ይረጋል፤ ቀትር ላይ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ማዕበሉን ያስነሣና ደመናው ከምዕራብ እየጠቆረ መጥቶ ጎርፉን ያወርደዋል። ደግሞ ሳይቆይ ፀሐይ ይወጣል፤ መሬቱ እንደ ድስት ይተንናል። ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲወርዱ «ጅብ ወለደች!» እያሉ ይስቃሉ፤ ጅብ በሌለበት ደሴት። ወታደሩም ጠዋት ታንኳዎቹን በመዳፉ ይዳብሳል፣ «ነገ ይደርቃሉ» ይላል፤ ማታ ከነልብሱ በስብሶ ይገባል። የአንማው ሚስት ይታይሽ «አንተም እኮ ሾላውን ብናስደግፍህ አትደርቅም» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ እሳት ግን አልከለከለችውም።

ታዲያ በልግ እምነት የለውም። አንድ ሰሞን ሰማዩ ጨከነ። ደመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ሳያወርድ ያልፋል። ታንኳዎቹ በየተራ ደርቀው ነጡ። በመጨረሻ የቀረችው የአንማው ታንኳ ብቻ ሆነች፤ ወፍራም ናትና ሆዷ ገና ርጥበት ይዟል። ወታደሩ ዳብሷት፣ «ይቺም ነገ ናት» አለና ቀንደ መለከቱን ወለወለ።

ጎረቤቶቹ አንማውን ከበቡት። «ሰውየው ዞር ሲል በቅል ውሃ ብናርከፈክፍባትስ? ማን ያያል?»

«በመስቀል አስምለን እኛው ልንሰርቅ?» አለ አንማው። «እኔ እምቢ ካልሁ በጠራራ ፀሐይ ነው።»

በማግሥቱ ቀትር፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ አማተበና ታንኳዋን አቅፎ ወደ ውሃው ይጎትታት ጀመር። ወታደሩ ጦሩን ይዞ ዘለለ።

«ቁም! ታንኳ አይነካም ተብሏል!»

«እጄ የሠራውን እጄ ይነካዋል። ጌታህ እንዳያስወጣን ማለ እንጂ እኔ እንዳልቀዝፍ አልማልሁም። ታንኳ የተሠራው ለውሃ ነው።»

«እወጋሃለሁ!»

«ውጋኝ። ወደ ኋላ ግን አልመለስም።»

ይታይሽ ነጠላዋን አሸርጣ መጥታ የታንኳይቱን ጭራ ያዘች። «ውጋው እንጂ!» አለች። «ደሙም ቢሆን ያረጥባታል። እሱ ሲወድቅ እኔ አለሁ፤ እኔ ስወድቅ ደግሞ ይኸው ይህ ሁሉ ሰው አለ። ጦርህ አንድ አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መሬት ማየቱን ተወ። ወታደሩ የጦሩ ጫፍ አንማው ጀርባ ላይ እንደ ደረሰ ቆሞ ቀረ። አንማው ታንኳዋን ሐይቁ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠባት፣ ጸሎቱንም ጮክ ብሎ አደረሰ። ደንገሉ ጠጥቶ ሲጠግብ አወጣት፤ ሾላው ላይ አቁሞ፣ «ይኸው፤ ዳብሳት» አለው። ወታደሩ ጦሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። መጥቶም መዳፉን በታንኳይቱ ሆድ ላይ አሳረፈ፤ አንማውን ዓይን ዓይኑን እያየ ቃሉን ተናገረ፤ ቀንደ መለከቱንም ወደ ኮሮጆው መለሰ።

ዝናቡ ከዚያ በኋላ መጣ ይባላል። ባላምባራሱ በማዶ ሆኖ ቀንዱን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚነፋ ጠፋ፤ በልጉ ለክረምቱ አስረከበ። ሹመትም የበልግ ፀሐይ ናትና፣ መስከረም ሳይጠባ ባላምባራሱ ተሻረ። መሐላው ግን አልተሻረም። ታንኳዎቹ ከደረቁ ውጡ የሚል አይጠፋም ብለው፣ የእንኮይማ ሰዎች ይኸውና እስከ ዛሬ አላደረቋቸውም።

ስለዚህ ነው በሚያዝያ ቀትር በአደባባይ ውሃ የሚያፈሱት፤ ተሸሽጎ ያፈሰሰ እንዳላፈሰሰ ይቆጠራል። የየቤቱ ታላቅ ቅሉን ካራገፈ በኋላ መዳፉን ታንኳው ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱንም ወደ ማዶ መልሶ፣ ያ ስሙ ያልታወቀ እንግዳ ለአንማው የተናገረውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይደግማል፦

«ገና እርጥብ ነው፤ ግባና ቤትህ እደር።»