ናዝሬትን ያቀረበ ጎማ

አንድ ቀን ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት ፒካፓቸውን አስነድተው ጎሚስታ ቤት ሄዱና «ትልልቅ ጎማ አስገባልኝ» አሉ። ሰፈሩ ጉድ አለ። እኚህ ሰውዬ እኮ እንኳን ለመኪና፣ ለገዛ እግራቸው አዲስ ጫማ ያደረጉበት ዘመን አይታወቅም!

ነገሩ ወዲህ ነው። ሾፌራቸው ሽብሩ ሲቀጠር ውሉ እንዲህ ነበር፦ የመኪናዋ ቆጣሪ መቶ ኪሎሜትር በሞላ ቁጥር አንድ ምሳ። መቶ ካልሞላ ምሳ የለም። ታዲያ ለሥራ ናዝሬት በወረዱ ቁጥር ቆጣሪው ከዜሮ ተነሥቶ ልክ መቶ ላይ ይቆማል፤ ሽብሩም እጁን ታጥቦ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ለብቻው ያነሳዋል። ጋሽ ወንድይፍራውን እሱ በጎረሰ ቁጥር ያንቃቸዋል። በኋላ አንድ ነገር አዋቂ «ጎማ ሲተልቅ ዙሩ ያንሳል፣ ዙሩ ሲያንስ ቆጣሪው ወደኋላ ይቀራል» አላቸው። ይቺን ወሬ እንደ ጠበል ነው የጠጧት።

ጎሚስታው ጎማውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ የፋብሪካው ነው። ይኼ ጎማ ወፈረበት። መሪ ሲዞር ከላዩ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ይበላዋል።»

«ይብላ!» አሉ። «ከሽብሩ የባሰ አይበላም።»

ምን ያድርግ፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ቀጥቅጦ አስገባላቸው። መኪናዋ ስትወጣ አጭር ሴት የሰው ባለተረከዝ ጫማ ተውሳ ሰርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። በታጠፈች ቁጥር ደግሞ «ግርርር» እያለች እንደ በሬ ታጓራለች። ሽብሩ ጋሼን ምን ነካቸው ብሎ ቢያስብ ቢያስብ ጠፋበት።

ጋሽ ወንድይፍራው በዚያ ሰሞን ልጃቸውን ናዝሬት ድረው ነበርና በእሑዱ ለቅልቅል ተጠሩ። ቅልቅል ማለት መቼም ሁለቱ ቤተሰብ የሚተዋወቅበት ድግስ ነው፤ አማቾች ደጅ ላይ ተሰልፈው በእልልታ ይቀበላሉ። ያረፈደ እንግዳ፣ ያቺ ማርፈዱ የልጅ ልጅ እስኪያገባ ትወራበታለች። ስለዚህ በጠዋት ተነሡ። ሽብሩ ቁርስ አልቀመሰም። ሚስታቸው ወይዘሮ ይመናሹ ከኋላ ወንበር ላይ ትልቅ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ዳቦው ገና ትኩስ ነው፣ ሽታው የሽብሩን ማጅራት ይነካካዋል።

ደብረ ዘይት ደረሱ። ሁልጊዜ አርባ አምስት የሚለው ቆጣሪ አርባ አንድ ይላል። ሽብሩ ዐይኑን አሸት አደረገ።

«ጋሼ፣ ደብረ ዘይት ቀርቧል እንዴ?»

«መንገዱ ተሠርቶ ነዋ! የተሠራ መንገድ ያጥራል።»

ሞጆ ደረሱ። ስልሳ አራት።

«ሞጆም ቀረበ ጋሼ።»

«አገር እያደገ ነው አንተ። ወደፊት ወደፊት እያየህ ንዳ።»

ሽብሩ ወደፊት እያየ ስለ ጎማው አሰበ፣ ስለ ቆጣሪው አሰበ፣ ከዚያ ስለ ምሳው ሲያስብ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ታየው። ናዝሬት መሃል ገቡ።

«ጋሼ፣ ያው ናዝሬት ደርሰናል። የኔ ነገር እንዴት ነው?»

«ስንት ይላል?»

«ዘጠና አንድ።»

«ታዲያ መቶ ሞላ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከተማው ይኸው! ፎቁ ይኸው! ጋሪው ይኸው!»

«እኔ በጋሪ አላምንም። ሰው ይዋሻል፣ ዐይን ይዋሻል፣ ቆጣሪ አይዋሽም። መቶ ሳይሞላ ምሳ የለም፤ ውል ውል ነው።»

«እሺ፣ ድግሱ ቤት እንኳ አንድ ሁለት ጉርሻ...»

«በፍጹም! ሾፌሬ የስእለት ጾም ላይ ነው ብዬ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። አንተ ስትስገበገብ ያዩህ እንደሆነ የማላበላህ ይመስላቸዋል። መኪና ትጠብቃለህ።»

ወይዘሮ ይመናሹ ከኋላ «ኧረ ስለ ማርያም፣ አንተ ሰውዬ!» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል። ሽብሩ «እሺ ጋሼ፣ ቆጣሪው ያለው ይሁን» ብሎ ነዳ።

የአማቾች ቤት ከከተማው መውጫ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ቄጠማው ደጅ ድረስ ተጎዝጉዟል፣ ሃያ ሠላሳ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ተሰልፏል። መኪናዋን ገና ከሩቅ ሲያዩ እልልታው ቀለጠ፣ ጭብጨባው ደመቀ። ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ፊታቸውን ለሰላምታ አዘጋጁ።

ሽብሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፣ በትሕትና እጅ ነሣና... አለፋቸው!

እልልታው ግማሽ ላይ ተቆረጠ። የሚያጨበጭቡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የሙሽራው አባት «ኧረ እንግዶቹ! ኧረ ያዙልኝ!» እያሉ ኩታቸውን ሰብስበው በሩጫ ተከተሉ።

«አቁም!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «አቁም እንጂ! አለፍከው!»

«ምኑን ጋሼ?»

«ቤቱን! ድግሱን! አማቾቼን!»

ሽብሩ ቆጣሪውን ጎንበስ ብሎ አየ። «ዘጠና ሁለት ነው የሚለው። ናዝሬት መቶ ኪሎሜትር ነች፤ ገና ስምንት ይቀረናል።»

«አብደሃል! በዐይኔ በብረቱ አየኋቸው እኮ!»

«ዐይን ይዋሻል ጋሼ።»

«ተቀየሙኝ! አዋረድከኝ! አንተ ልጅ፣ ደርሰናል እያልኩህ!»

ሽብሩ ፍጥነቱን ቅንጣት አልቀነሰም።

«ጋሼ፣» አላቸው ረጋ ብሎ፣ «እኔ ገና ካልደረስኩ እርስዎ እንዴት ቀድመውኝ ይደርሳሉ? የመጣነው በአንድ መኪና አይደለም እንዴ?»

ወይዘሮ ይመናሹ በሳቅ ዳቦው ላይ ተደፉ። ጋሽ ወንድይፍራው ወደኋላ ዞር ሲሉ የሙሽራው አባት አንድ ጫማቸውን ጥለው አሁንም እየሮጡ ነው፤ ያን ጊዜ ቆጣሪውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና «ሞልቷል! መቶ ሞልቷል! ተመለስና ከጎኔ ተቀምጠህ ብላ!» ብለው ጮኹ።