በአንገት የታሰረው ፍላሽ

አንድ የዜማ መምህር ነበሩ፤ የኔታ ክንፈ ይባላሉ። የሚያስተምሩት የዜማ ስልት ከመምህር ወደ መምህር ሲወርድ የመጣ ነው። በእርጅና ዘመናቸው ግን ያን ስልት አሳምሮ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አንድ ሰው አልቀረም። እኩዮቻቸው አርፈዋል፣ ተማሪዎቻቸውም በየከተማው ተበትነው ሌላ ሥራ ይዘዋል። አጠገባቸው የቀረው መንክር የሚባል ጎልማሳ ደቀ መዝሙር ብቻ ነበር።

እንደምታውቁት በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የተቀበለውን ቀለም ለመምህሩ ሳያሰማ ሌላ አይጨመርለትም። ገብቶኛል ብሎ መማል ዋጋ የለውም፤ አሰማ ይባላል። ከተሰናከለ መምህሩ የጎደለውን ቃል ያቀብሉታል።

መንክር አንድ ቀን የድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። «የኔታ፣ ከእንግዲህ እኔም በቃል ለመያዝ አልድከም፣ እርስዎም አይድከሙ። እርስዎ ያዚሙ፣ እኔ እቀዳለሁ» አላቸው። ልባቸው ባይወደውም ዕድሜያቸውን አስበው እሺ አሉት። መንክርም ከዚያን ዕለት ወዲያ ማሰማቱን ተወ። የቀዳውን ወደ ኮምፒውተሩ እየገለበጠ፣ ቦታ እንዳይጠበው መቅጃው ላይ ያለውን ይሰርዘው ነበር።

ሞኝ አልነበረም፤ ኮምፒውተር እንደሚሞት ያውቃል። ስለዚህ ባካፕ፣ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚይዝ ሶፍትዌር ፍለጋ ገባ። አቤት ያየው ፈተና! አንዱ ይኼኛው ፈጣን ነው ይለዋል፣ ሌላው ያኛው ይሻላል ብሎ እንደ ኳስ ደጋፊ ይሟገተዋል። ሲያማርጥ ከርሞ የሁሉ ቁንጮ የተባለውን መረጠ። ቅጂው የሚቀመጥበት ሌላ ዲስክ ገዛ። የሞተ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፍላሽም አዘጋጀና ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። በየቅዳሜው ሶፍትዌሩ «ባካፑ በሚገባ ተጠናቋል» እያለ አረንጓዴ ምልክት ያሳየዋል፣ እሱም ደስ ብሎት ይውላል።

የኔታ ፍላሹን አይተው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ኮምፒውተሩ ቢሞት የሚያስነሳልኝ ነው፣ የኔታ። የእርስዎ ድምፅ በሌላ ዲስክ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ይኼ ነው።»

«የተቀበለውን አሰምቶሃል?»

«ማን?»

«ይኼ አዲሱ ተማሪህ ነዋ።»

መንክር ሳቀ። «እሱ እንደ እኛ አይረሳም፣ የኔታ። በየሳምንቱ ጨረስኩ ይለኛል።»

«ጨረስኩ የማይል ተማሪ አስተምሬ አላውቅም» አሉት።

በዚያው ክረምት የኔታን ሕመም ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ሄደ። ሊያዜሙ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። መንክር አልቅሶ ሲያበቃ እጃቸውን ይዞ «ድምፅዎ እኔ ዘንድ አለ፣ አይዘኑ» አላቸው። እሳቸውም እጁን ጨበጥ አደረጉት።

የደብሩ ንግሥ ሲቃረብ ካህናቱ ዜማውን ከተቀዳው ድምፅ ለመማር ቀጠሮ ያዙ። በመሃሉ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ተቃጥሎ ሞተ። መንክር አልደነገጠም። አዲስ ዲስክ አስገጠመና ካህናቱ በተሰበሰቡበት፣ የኔታ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው እያዩት፣ ቅጂ ያለበትን ዲስክ አገናኝቶ ፍላሹን ከአንገቱ ፈትቶ ሰካው።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ቅጂው ተመለሰ። የኔታ አፋቸውን ከፍተው ሲያዜሙ የተነሱት ፎቶ እንደ ድሮው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የዜማዎቹ ስም ዝርዝርም አልጎደለም። ካህናቱ አጨበጨቡ። መንክር የመጀመሪያውን ዜማ ነካ። «ፋይሉ አልተገኘም» አለው። ሁለተኛውን ነካ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲ እና ዲ የሚባሉ ሁለት ጓዳዎች ነበሩት። ሲ የኮምፒውተሩ የራሱ ዕቃ ያለበት ነው፣ ፎቶውና የስም ዝርዝሩም እዚያው ነበሩ፤ የየኔታ ድምፅ ያለው ዲ ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያው ቀን የትኛውን ልያዝ ብሎ ጠይቆ ነበር። ሲ ላይ ምልክት ያደረገው ራሱ ሶፍትዌሩ ነው። መንክር ግን ሳያነብ «ቀጥል» የሚለውን ነካ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በታማኝነት የተያዘው ባዶ ድስት ኖሯል፤ ወጡን የነካው የለም። አሁን ገጹን ከፍቶ ቢያነበው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ሁሉም ደህና በነበረበት ጊዜ አንዲት ቀን መልስልኝ ብሎት ቢሆን ኖሮ ጉዱን ያየው ነበር።

መንክር አልጋው ሥር ተንበርክኮ «ጠፋ፣ የኔታ፤ አጠፋሁት» አለ።

የኔታ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን በዜማው ምት መታ መታ አደረጉና በጣታቸው የመንክርን ደረት ጠቆሙ። አሰማ ማለታቸው ነው። መንክር ጀመረ። መቅጃው ከመምጣቱ በፊት በቃሉ የያዘው ነበርና የመጀመሪያው ስንኝ አማረለት፤ የኔታም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። መቋሚያው እየመታ ጠበቀው። ምንም አልመጣለትም።

ያን ጊዜ የኔታ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለተሰናከለ ተማሪ እንደሚያደርጉት፣ የጎደለውን ቃል ሊያቀብሉት አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ወዳጆቼ፣ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል እያላችሁ ስትከራከሩ አትዋሉ። የመረጣችሁትን የያዘውን አሰማኝ በሉት፤ ፍላሹንም ኮምፒውተሩ በሕይወት ሳለ ሰክታችሁ ሞክሩት። ያስቀመጣችሁት ነገር ተመልሶ እጃችሁ ካልገባ አስቀምጠናል አትበሉ። ደግሞም ሌላ ይይዝልኛል ብላችሁ ከራሳችሁ ደረት ያወጣችሁትን አስቡ። ዛሬ አንድ ሰው መቋሚያውን እየመታ አሰማ ቢላችሁ፣ ስንተኛው ስንኝ ላይ ትቆማላችሁ?