ባዶ የመጣው መልስ

ትርሲት የምትባል አንዲት ወጣት ነበረች። ሥራዋ ለአንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። የታካሚዎቹ መዝገብ «ኤክስኤምኤል» የሚባል፣ ማሽኑ የሚያነበው አንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በእያንዳንዱ ታካሚ መስመር ላይ ስሙና የማይስማማው መድኃኒት ሰፍሯል። እሷ «ስሙ ይህ የሆነውን ፈልግ፤ የማይስማማውን አውጣ» ብላ በኮድ ትጠይቃለች፤ ማሽኑ ይመልሳል።

አንድ ጠዋት ሲስተር ብዙነሽ መርፌ ይዛ መጣች።

«ትርሲት፣ ለእትዬ ዓለምፀሐይ ፔኒሲሊን ታዞላቸዋል። እስኪ እዪልኝ፣ የማይስማማቸው ነገር አለ?»

ትርሲት ስሙን ጻፈች። መልሱ ባዶ መጣ።

«የለም፤ ውጊያቸው።»

እትዬ ዓለምፀሐይ ወረፋ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ሰሙ። «ኧረ አለ ልጄ! ባለፈው አንዱን ወግተውኝ ፊቴ ዳቦ አክሎ ነበር። ስሙን እንጃ፤ እዚሁ ጽፈውታል።»

«እማማ፣ ኮምፒዩተሩ የለም ይላል።»

«ያበጠው ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ እኔ?»

ሲስተር ብዙነሽ ሳቀች፤ መርፌውን ግን አስቀመጠች። ትርሲት አልሳቀችም። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ አንድ ነጥብ አልጎደለውም። ላሳያቸው ብላ፣ በእልህ፣ ፋይሉን ከፍታ በዓይኗ መስመር በመስመር ወረደች።

«አለምጸሀይ» ይላል። በአልፋው አ፣ በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ። እሷ የጠየቀችው በዐይኑ ዓ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነበር። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ሁለት ሰው። ከስሙ ቀጥሎ የማይስማማው ተጽፏል፦ ፔኒሲሊን።

«ሲስተር፣ አትውጊያቸው» አለች ቀስ ብላ።

ወገኖቼ፣ ማሽኑ ዋሸ? አልዋሸም። «እንደጠየቅሽኝ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም» ነው ያለው። «የለም» ያለችው እሷ ናት። «አላገኘሁም» እና «የለም» አንድ ናቸው?

እናንተስ? አንቺ እህቴ፣ ባልሽ «እወድሻለሁ» ሲል አልሰማሽም፤ ስለዚህ ፍቅር የለውም አልሽ። ሳትነግሪው ጫማሽን አሰፍቶ ያመጣበትን ቀን ምን ብለሽ ልታነቢው ነው?

«ጸለይን፤ መልስ የለም» የምትሉ፣ መልሱ በምን ፊደል እንዲጻፍ ነበር የጠበቃችሁት? በእናንተ ፊደል ብቻ?

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ አንድ ሰው አለ፤ «ከእሱ ምንም አይገኝም» ብላችሁ የተዋችሁት። ታውቁታላችሁ፤ ስሙን እኔ አልነግራችሁም። አልቅሱለት አላልኩም። ሂዱና እንደ ራሱ አጻጻፍ አንብቡት።