ጎሽ ለኤሊ ያዘነ ጊዜ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ ነጋሪትም ሳይጎሰም በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። አሸዋው ውስጥ ሃያ እንቁላል ቀብራለች። ቀበሮ ግን በየቀኑ እየመጣ አንድ አንድ እየቆፈረ ይበላባት ጀመር።

ኤሊ ወንዙን ተሻግራ ወደ ንጉሥ ጎሽ ዘንድ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ ቀበሮ ልጆቼን ፈጀብኝ፤ ይድረሱልኝ» አለች።

ጎሽ አማካሪዎቹን ዝሆንንና አጋዘንን አየት አደረገና፣ «እጅግ አዝነናል። ግን የሰው አገር ነው፤ እኛን ምን ጥልቅ አደረገን?» አላት።

በአምስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

«ጃንሆይ፣ አምስት በላብኝ።»

«ከፊተኛው ይበልጥ አዝነናል» አለ ጎሽ። ዝሆንም እንባውን በኩምቢው ጠረገ። ከተቀመጠበት የተነሣ ግን የለም።

ስትወጣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ነጋሪት ጠራት።

«እመት ኤሊ፣ እኔ ለሦስት ዘመቻ ተጎስሜአለሁ። አንድም ቀን ለእንባ አልተጎሰምኩም። ለመሆኑ አገርሽ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል ብለህ ነው? ውሃ፣ ሣር፣ ከቀበሮው ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ የጨው አፈር።»

«ተመለሽና እሱን ንገሪያቸው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ገባች።

«ጃንሆይ፣ ያ ቀበሮ ጉድጓዱን የማሰው ከጨው አፈር አጠገብ ነው።»

አጋዘን ከንፈሩን ላሰ።

«ስንት እንቁላል ነው ያልሽው?» አለ ጎሽ።

«አምስት።»

«አምስት ነፍስ። ይህን ሰምተን ዝም ካልን ምኑን እንስሳ ሆንነው?»

ነጋሪት ወዲያው ተጎሰመ። «ለፍትሕ» ተባለና ሠራዊቱ ወንዙን ተሻገረ። ቀበሮ የኮቴ ድምፅ ሲሰማ ሸሸ፤ ጉድጓዱንም ዝሆን ረግጦ ደረመሰው። ጦርነቱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልፈጀም። የጨው አፈሩን መላሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ሳምንት ሲሞላ ኤሊ ቀረበች። «ጃንሆይ፣ ቀበሮው ሄዷል። እናንተስ?»

ጎሽ አፉን ከአፈሩ ሳያነሣ፣ «ደኅንነትሽ እስኪረጋገጥ» አላት።

ኤሊ እንቁላሎቿን ቆጠረች። ቀበሮ የበላው አምስት፣ ሠራዊቱ የረገጠው ዐሥራ ሁለት። የቀረው ሦስት ነው።

በወሩ የጎሽ ምላስ ድንጋይ ነካ። በዚያው ቀን ነጋሪት ተጎሰመ፤ «ሰላም ሰፍኗል፤ ደግሞም የሰው አገር ነው» ተባለና ሁሉም ተሻግሮ ሄደ።

በማግስቱ ቀበሮ ብቅ አለ። «እንደምን ሰነበትሽ፣ እመት ኤሊ? ደራሾችሽ ሄዱ አሉ» እያለ ወደ አሸዋው ተጠጋ።

ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ደኅና መጣህ። ትናንት ከጉድጓድህ ሥር ሌላ የጨው አፈር አገኘሁ። ለነጋሪት ልንገረው ወይስ ይቅር?»

ቀበሮ የተደረመሰ ጉድጓዱን አየ። ወደ ወንዙ ማዶም አየ። ከዚያ በመጣበት መንገድ፣ ከአመጣጡ ፈጥኖ ሄደ። ኤሊ ከሱ ይልቅ እነጎሽን እንደምትፈራ፣ ብትሞትም እንደማትጠራቸው አላወቀም።

ሦስቱ ተፈለፈሉ። እናታቸውም ገና ዛጎላቸው ሳይደርቅ እንዲህ ብላ መከረቻቸው፦ «ልጆቼ፣ ሊያድናችሁ የመጣ ሁሉ ስንት እንባ እንዳፈሰሰ አትቁጠሩ። ጠላታችሁ ከሸሸ በኋላ ደራሻችሁ የት እንደቆመ እዩ።»