የእማ ጠጂቱ ጭስ

በእኛ አገር ሹም ነገር ሲያጠብቅ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል። ከአንድ ተረታችን ግማሹ ይኸው ጉሮሮ መጥረጉ ነው። ሌላውን ግማሽ ያመጣችው እማ ጠጂቱ ናት።

ጭቃ ሹም ደረሶ መጀመሪያ ያወጁት ደግ ነበር፦ «ሸንጎ በሚቀመጥበት ዋርካ ሥር የትምባሆ ጋያ አይጨስ፤ ሰው ያፍናል።» ሁሉም «ይበጅ» አለ። ጋያዋን ከሟች ባሏ አብልጣ የምትወደው እማ ጠጂቱ እንኳ ቤቷ ገብታ ማጨስ ጀመረች። ምስጋናው ጣፈጣቸው መሰለኝ፣ ሰንበት ብለው ጨመሩ፦ «በየቤታችሁም አይጨስ። ያጨሰ በሬውን ይነጠቃል።»

ይሄኔ ነገሩ ተምታታ። የሣር ክዳን ቤት ሁሉ በጣራው ይጨሳላ። የሹሙ ሁለት ሎሌዎች ጣራ ለጣራ አንጋጠው ሲዞሩ አንገታቸው ተጣሞ ቀረ፤ እስከ ፋሲካ እህል የቀመሱት ሰማይ እያዩ ነው። ግራ ቢገባቸው እማ ጠጂቱ ደጅ ቆመው ያሸቱ ጀመር።

«የጋያ ነው» አለ አንዱ።

«የሽሮ ነው» አለ ሌላው።

«ተስማሙና ንገሩኝ ልጆቼ፣ እኔም ልወቀው» አለች ከውስጥ።

መስማማት ቢያቅታቸው በሬዋን ቦራን ፈትተው ነዱት። ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤቷ ከአያ ሽበሺ በሬ ጋር እያቀናጀች ነበር የምታሳርሰው። የእርሻ ወቅት ስለሆነ ያለ ቦራ ዓመቱን ጦሟን ማደሯ ነው። ሸንጎው ድረስ ተከትላ ሄደች።

«ጌታዬ፣ እርስዎው ቤቴ ገብተው ያሽቱ። ጋያ ከሆነ ቦራ የእርስዎ ይሁን፤ ካልሆነ እሱንም ቤቴንም ይተዉልኝ።»

ሹሙም በሰው ፊት እምቢ ማለት አፍረው መጥተው ገቡ። እሷም «ጭሱ እንዳያመልጠን» ብላ በሩን ዘጋችና ፍሙ ላይ እፍኝ ሙሉ ሚጥሚጣ በተነች።

እንደዚያ ያለ ሳል አልተሳለም። ወንዝ ማዶ የነበሩ አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ሸሹ፤ ከጣራው ሦስት ሸክም ሣር ረገፈ ይባላል፣ እኔ የሰማሁት ሁለት ነው።

ሹሙ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ወጡ።

«ምንድን ነው ጌታዬ?» አሉ ሎሌዎቹ።

«ጋያ... አይ፣ ሽሮ... እኔ እንጃ። በሬዋን ስጧት።»

እማ ጠጂቱ ቦራን ስትነዳ ከነጠላዋ ሥር የጋያ ቅል ብቅ ብሎ ነበር የሚሉ አሉ። አያ ሽበሺ ግን በሬያቸው ጓደኛውን ስላገኘላቸው ቅሉን አላየሁም ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሹሙ ዞሩ፦ «የዋርካውን አዋጅ ይዘው ቢቆሙ ምን ነበረበት ጌታዬ፤ ጭስ ላስር ያለ፣ እሱው ራሱ ሳለ።»