የአሮጊቷ ሙዝ በርና የጠያቂዎቹ እግር

አንድ ጊዜ፣ ሰው ገና መንገድ ባላወጣበት የወንዝ ዳር፣ እመት ጦጢት የምትባል የልጆች እናት ትኖር ነበር። ሀብቷ አንድ የሙዝ ማሳ ብቻ ነው። ማሳውን ያወረሰቻት እናቷ ናት፤ ከአንዲት አሮጊት ሙዝ ግርጌ ቡቃያ እየነቀለች ግማሹን ለጦጢት እዚያው ተከለችላት፣ ግማሹን ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ምንጭ ዳር ለምትኖረው ለጦጢት ታናሽ እህት ሰጠቻት። በዚያ አገር በጋ ሲመጣ ሌላው ፍሬ ሁሉ ይደርቃል፤ የሚቆየው ሙዝ ነው። የጦጢት ልጆችም በጋውን የሚያልፉት በዚያ ማሳ ነበር። ማሳው ከሌለ እነሱም የሉም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማሳውን አጥለቀለቀው። ውኃው ሲሸሽ የአሮጊቷ ሙዝ የታችኞቹ ቅጠሎች ከዳር ዳራቸው ቢጫ ሆኑ፤ ከዚያም ተሰብረው ግንዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ጦጢት ክው አለች። «ጠምቷት ነው» ብላ ውኃ ፍለጋ ልትሮጥ ስትል አሮጊቷ ጠራቻት።

«ነይ ልጄ፣ ውኃ አላጣሁም። ይልቅ ስሚኝ። ጎርፉ ከላይ ከጎረቤትሽ ከከርከሮ ማሳ ክፉ ሻጋታ ይዞብኝ መጥቷል። ዓይን አያየውም። አፈር ውስጥ ተደብቆ ሥሬን እየበሳ ይገባል።»

«ወይኔ እማማ! የከርከሮ ሙዝ እኮ ተራ በተራ እየደረቀ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ቶሎ ነቅቼበታለሁ። የሥሬን ግድግዳ እያወፈርኩ ነው። ወደ ላይ እንዳይወጣብኝም ውኃ የማሳልፍባቸውን ቀጫጭን መንገዶች በሙጫ እየደፈንኩ ነው። ቅጠሌ የጠወለገው ለዚህ ነው፤ የራሴን ውኃ ራሴ ዘግቼ። ያማል፣ ምን ላድርግ። ግን የመጣብኝ ጥቂት ስለሆነ እዚያው ታች አፍኜ አስቀረዋለሁ።»

«እኔስ ምን ልርዳሽ?»

«አትንኪኝ። አፈሬ አይቆፈር፤ ሥሬ ከተቆረጠ የዘጋሁት በር ተከፈተ ማለት ነው። ደግሞ የከርከሮን ማሳ የረገጠ እግር እኔን እንዳይረግጠኝ። ጥቂቱን እችለዋለሁ፤ ብዙ ከመጣብኝ አልችልም። ማንም ይሁን ማን አታስገቢ።»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ ዝንብ አላስገባም!» አለች ጦጢት።

መማልማ ማንም ይምላል!

የዚያ አገር አራዊት ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማሳ የታመመበት ጎረቤት ይጠየቃል። ጠያቂው ደግሞ ደጅ ቆሞ አይመለስም፤ እስከታመመው ግንድ ድረስ ገብቶ፣ ግንዱን ዳስሶ፣ ሥሩ ላይ ተቀምጦ ነው «እግዜር ይማርሽ» የሚለው። ጠያቂ ከደጅ የመለሰ ስሙ ጠፋ በሉት፤ በእሱ ቀን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ብዙም ሳይቆይ የከርከሮ የመጨረሻ ሙዝ ወደቀች። ጎረቤቶቹ እዚያ አልቅሰው ሲጨርሱ ከለቅሶው ቀጥታ ወደ ጦጢት መጡ። አያ ጅቦ ከፊት፣ አህያ ከኋላው፣ አቶ ቀበሮ ከዳር። አህያና ጅብ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ በለቅሶ ቀን መበላላት የለም። የሦስቱም እግር እስከ ጉልበቱ የከርከሮ ማሳ ጭቃ ነበር።

ጦጢት መግቢያው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እግዜር ይማርልሽ» አለ አህያ። «ሰምተን ዝም አይባልም ብለን ነው የመጣነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ… እማማ ግን ትንሽ ዐረፍ ብላለች መሰለኝ…»

«እናትሽ ስትሞት ሬሳዋን በጀርባዬ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ? ዛሬ ሙዟን ሳላይ ልመለስ?»

«ኧረ አልረሳሁም! እንዴት እረሳለሁ!»

«ታዲያ ምን በር ላይ ይገትርሻል?» አለ አያ ጅቦ። «ቀፈፍንሽ እንዴ?»

ጦጢት ጭቃውን አየች። የአሮጊቷን ቃል አስታወሰች። «ተመለሱ» ብትል አለቀ፤ አንዲት ቃል ናት። ግን ምን ይሉኛል? የእናቷን ቀባሪ ከደጅ መለሰች አይሉኝም? ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ኧረ በሞቴ ግቡ!» አለች።

ገቡ። አህያ ምስኪን በቅን ልቦናው ግንዱን እየዳበሰ አነባ። አቶ ቀበሮ ግን ዓይኑ ከአፈሩ አልተነሳም። በሥሮቹ መካከል የፍልፈል ጉድጓድ አይቷል። መቆፈር ደግሞ አይወድም፤ ጥፍሩ ይቆሽሽበታል። እናም ወደ ጅቦ ጆሮ ጠጋ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ሙዝ እንዲህ የሚጠወልገው ሥሩ ጮማ ሲቀበርበት ነው አሉ።»

«ጮማ? ማን ቀበረው?»

«ማን እንደቀበረው ቢታወቅማ እስካሁን ይተርፍ ነበር?»

ጅቦ ነገሩን ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም። አፈሩን በሁለት እጁ ይዝቀው ጀመር። የአሮጊቷ ሥሮች ቀጭ ቀጭ እያሉ ተበጠሱ፤ ያ ሁሉ የደፈነችው መንገድ አፉን ከፈተ፤ የጅቦ እግር ጭቃም ቁስሉ ውስጥ ተራገፈ። ፍልፈሎቹ ደንግጠው ሲወጡ ቀበሮ ሆዬ ከዳር ሆኖ አንድ በአንድ ለቀማቸው።

ጦጢት ወደ ጅቦ ጠጋ አለች። «አያ ጅቦ፣ እባክህ…»

«ምነው?» አለ ቀና ብሎ።

«አይ፣ ምንም። እጅህን እንዳይጎዳህ ብዬ ነው።»

ጅቦ ጮማ ሲያጣ ጊዜ ተነጫንጮ ሄደ። ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ሄደ። አህያም መርቆ ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ አሮጊቷ ላይ አንድ ደህና ቅጠል አልቀረም። ግንዷ ከግርጌው ተሰንጥቆ ውስጡ ቀይ ቡናማ ሆኗል። ጦጢት ከግንዱ ስር ተደፍታ አለቀሰች።

«እማማ፣ እንደገና ዝጊው! መጀመሪያ ሲመጣብሽ ችለሽው አልነበር?»

«የቱን ልዝጋ ልጄ? በየቁስሉ ገባብኝ። ዘግቼ ዘግቼ የምጠጣበትም አጣሁ። … ምነው ተመለሱ ብትያቸው?»

«አፈርኩ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።»

«ልጆችሽስ? ቡቃያዎቹስ ይተርፉልኝ ይሆን?»

«እነሱ እኮ እኔው ነኝ። ከእኔ የተነቀሉ፣ የእኔው አካል። እኔን የጣለ እነሱን አይምርም። ከኮረብታው ጀርባ ያሉት የእህትሽ ሙዞችም እኔው ነኝ» አለች አሮጊቷ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ስትወድቅ ቡቃያዎቹ ቢጫ መሆን ጀምረው ነበር።

ጦጢት ልጆቿን አዝላና አስከትላ ወደ እህቷ ተሰደደች። ኮረብታውን ሲሻገሩ ማሳው ወለል ብሎ ታየ፤ ለምለም፣ ዘለላው የበሰለ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እህቷም እጇን ዘርግታ እየሮጠች ወጣች።

«እሰይ! መጣሽልኝ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!»

ጦጢት ሮጣ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች። ያን ጊዜ እግሯን አየችው። ጥፍሯ ስር፣ የልጆቿም ጠጉር ውስጥ የማሳዋ አፈር ደርቆ ተጣብቋል። ያነሳችውን እግር መለሰችው።

«አልገባም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ቤቴን ጠየፍሽው?»

«ሙዞቼን የጨረሰው አፈር እግሬ ላይ አለ።»

«ታዲያ ታጠቢዋ! ምንጩ ይኸው!»

«ወንዙ ላይ ታጥቤ አልለቅ ብሎኛል። ምንጭሽ ደግሞ የሚፈሰው ወደ ማሳሽ ነው።»

እህቷ ማልቀስ ጀመረች። «እህቷን ከነልጆቿ ከደጅ መለሰቻት ሲሉኝ ምን ይውጠኛል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይበሉሽ» አለች ጦጢት። «ይበሉሽ፣ እህቴ።»

እህቷ ያገኘችውን ዘለላ ወረወረችላቸው። እዚያው ደጅ እንዳይሰፍሩ፣ ዝናብ ሲመጣ አፈራቸውን አጥቦ ወደ ማሳው ያወርደዋል። ስለዚህ ጦጢት የሚያለቅሱትን ልጆች እየጎተተች ወደ ደረቁ ተራራ ወጣች። ትንሿ ልጇ የሚቀጥለውን ዝናብ አላየችም።

የእህቷ ማሳ ለምለም እንደሆነ ቀረ። ጎረቤቶቹ ግን የጦጢት ስም ሲነሳ «ያቺ የእህቷን ቤት የጠየፈችው» ይሏታል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚጮኸው ደግሞ አያ ጅቦ ነው።

ከዚህ የምንማረው «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ለይሉኝታ ብለን በጊዜዋ ከዋጥናት፣ ኋላ ስንናገራት የሌላውን ቤት ብታድን እንጂ የራሳችንን እንደማትመልስልን ነው።